ግንቡ በዝናብ፣ በብጣሽ ጨርቅ

ሰኔ 25

ሥራው ይህ ነው፦ የፋሲልን ግንብ በዝናብ የሚያሳይ፣ ከብጣሽ ጨርቅ የተቀጣጠለ ብርድ ልብስ። ወርዱ 1 ሜትር ከ50፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ላዩ ቁርጥራጭ፣ መሃሉ ባዘቶ፣ ገበሩ አቡጀዲ። ሦስቱ አንድ ላይ በእጅ ይሰፋሉ። ግድግዳ ላይ ይሰቀል ወይስ ይለበስ ገና አልወሰንኩም። ብቻ መስከረም ሳይጠባ ማለቅ አለበት።

ክረምት ላይ ሰርግ የለም። ሰርግ ከሌለ ደግሞ ቀሚስ የሚያስጠልፈኝ የለም። እንጀራዬ ጥልፍ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ቀና ብዬ ሰማይ አላይም። ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ዝም ይላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ እንደገና ይንጫጫል። በመሃል ያለችው ጊዜ የራሴ ናት።

ግንቡን በበጋ የሣለው ብዙ ነው። ፖስትካርዱ ላይም፣ የሆቴሉ ግድግዳ ላይም ያለው የበጋው ግንብ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ድንጋዩ ቡኒ። የክረምቱን ግንብ የሚሸጥ የለም። እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። ዝናብ ሲመታው ድንጋዩ ይጠቁራል፤ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ኖራ ነጣ ብሎ ይወጣል። በመስኮቶቹ ቅስት ዙሪያ የተደረደረው ቀይ ድንጋይ በበጋ አቧራ ለብሶ ዓይን አይገባም። ሲረጥብ ግን በርበሬ ይመስላል።

ዛሬ ከጃን ተከል ዋርካ በኩል፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ንድፍ ጀመርኩ። ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ተወላግዷል። እስክሪብቶ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ይዘላል፣ ጠንካራ እርሳስ ደግሞ ይቧጥጠዋል። ለስላሳው እርሳስ፣ 2ቢ የሚባለው ነው የሚያዋጣው። የውሃ ቀለሙን ቤት ትቼው መጣሁ፤ በዚህ አየር እስኪደርቅ ፋሲካ ይደርሳል።

ሐምሌ 2

ብጣሽ ለቀማ። አራዳ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጩን በማዳበሪያ ያጠራቅሙታል። ለትራስ መሙያ የሚወስደው ሰው አለ። እኔ ከእሱ ቀድሜ መድረስ አለብኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ማዳበሪያ ላገላብጣት?»

«ውሰጃት እንጂ እህቴ! ቤት ነው የምታጸጂልኝ።»

ከማዳበሪያው የሚወጣው ዓይነቱ ብዙ ነው፦ የመነን ቁራጭ፣ የሳባ ጫፍ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ካኪ፣ የሱሪ ገበር፣ አቡጀዲ። ከሰልባጅ ተራ ደግሞ ያረጁ ጂንሶች ገዛሁ። ጂንስ ለእርጥብ ድንጋይ የሚሆን ነው፤ ያለቀበትና ያላለቀበት ቦታ ቀለሙ ስለሚለያይ ከአንድ ሱሪ ብዙ ድንጋይ ይወጣል።

ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ክብሪት ነው። ከእያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ክር እመዝና አነደዋለሁ። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና አመድ ይሆናል፤ ጣት ላይ ይበተናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር እንክብል ይሠራል። እሱን ለይቼ አስቀምጣለሁ። ካውያ ሲነካው ስለሚሸበሸብና ስለሚያብረቀርቅ ከጥጥ ጎን መዋል የለበትም።

ቀጥሎ ውሃ። ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው ሁሉ ረጥቦ በነጭ እራፊ መሃል ይተኮሳል። እራፊው ከቀላ ያ ጨርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ የሚያምር ቀይ ጥለት በዚህ ፈተና ወደቀ። ልቤ አልቆረጠም፤ ለሌላ ነገር አስቀምጨዋለሁ። የቀረው ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። በእጅ የተሸመነ ሸማ በተለይ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ጎረቤቱን ይዞት ይጨማደዳል።

ማድረቁ ነው ጣጣው። ቤቱ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ዘርግቻለሁ። እንግዳ ከመጣ አጎንብሶ ነው የሚገባው።

ሐምሌ 7

ሥላሴ ነው። በንግሥ ቀን መርፌ አልነካም፤ እማሆይ ቢሰሙ መድረሻ የለኝም። እማሆይ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እርሳስ መያዝ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እስካሁን አልጠየቅኳቸውም። መልሱን እፈራለሁ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰው በሰው ነበር። ነጩ ሁሉ በካፊያ ረጥቦ ትከሻ ላይ ተጣብቋል። ቱሪስት እዚያ ሲገባ አንገቱን ቀና አድርጎ የመላእክቱን ፊት ያያል፤ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩትን። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግድግዳ ነው። በጎንደር ዘመን የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አልተሣለም። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። አንዳንድ ቦታ ጥግ ላይ ጨርቁ ተገንጥሎ ድሩና ማጉ ይታያል። ያን ሳይ ደስ ይለኛል። ሥዕልና ጨርቅ እዚህ አገር ከጥንት ቤተሰብ ናቸው።

ከድሮዎቹ ሠዓሊዎች የምሰርቀው አንድ ነገር አለ። ቀለሙን በየክፍሉ ሞልተው ያስቀምጡታል፤ ቀይ ቀይ ነው፣ ቢጫ ቢጫ ነው። ድንበሩን በጥቁር መስመር ይለዩታል። ይህ በተለይ የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ነው። በኋላ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ጥላና ብርሃን ይገባል፤ ልብሱም አበባ በአበባ ይሆናል። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌዋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበት አለ። ያን የሣለ ሰው ጨርቅ የሚወድ ሰው መሆን አለበት። ለእኔ ሥራ ግን የሚቀናኝ የመጀመሪያው ነው። ብጣሽ ጨርቅ በመሃሉ ጥላ አያውቅም፤ ወይ ጠቆር ያለ ነው፣ ወይ ነጣ ያለ።

ሐምሌ 13

ዶፍ። ከዚያ በረዶ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ራዲዮ እንኳ አይሰማም። መብራት የለም። የእግር ሲንጀሬ ግን መብራት አይጠይቅም፤ ከገበሩ አቡጀዲ ሁለቱን ወርድ አያይዤ ገጠምኩ።

ሐምሌ 20

ንድፉን ወደ ጨርቅ የማዛወር ሥራ። ረጅሙ ክፍል ይህ ነው።

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ወርዱን 6፣ ቁመቱን 8 ሳጥን አድርጌ ከፈልኩት። እያንዳንዱ ሳጥን 2 ሴንቲ ነው። ጨርቁ ላይ አንዱ ሳጥን 25 ሴንቲ ይሆናል። ሲቆረጥ ግን 27 ነው፤ በየጎኑ ለስፌት አንድ አንድ ሴንቲ ይገባዋል። በመደብር ጨርቅ ከዚያ ባነሰም ይሠራል። ሸማ ግን ላላ ያለ ስለሆነ ጫፉ ይተረተራል፤ ለእሱ መሰሰት አያዋጣም።

አሁን ችግሩ መስመር ነው። ንድፍ ስሠራ እጄ የለመደው መስመር ነው። የዋርካው ቅርንጫፍ፣ የድንጋዩ ስንጥቅ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ግንቡ አናት ላይ የበቀለው ሣር፣ ሁሉም መስመር ነው። ጨርቅ ቅርጽ እንጂ መስመር አይቀበልም። ግማሽ ሴንቲ የሚወፍር ገመድ ከጨርቅ ቆርጬ ልስፋ ብል ዕድሜዬ አይበቃም፤ ቢበቃም ያስጠላል። ስለዚህ ንድፉን ደጋግሜ ሠራሁት፤ በእያንዳንዱ ዙር እየቀነስኩ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ግንቡን ሳየው የሚቀረው ጥቂት ነገር ነው። አራቱ ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው። ከነሱ በላይ ብቅ ያለው አራት ማዕዘን ማማ። የመስኮቶቹ ጨለማ። የአጥሩ ጠርዝ። 900 ሜትር ያህል የሚዞረው አጥር ከኔ በረንዳ ሲታይ አንድ ጥቁር ሰረዝ ብቻ ነው። ዋርካው በግራ በኩል እንደ ትልቅ ጥላ ይቀመጣል። ገመዱና ሣሩ ቀሩ። ስንጥቁም ቀረ።

ፋሲለደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ከተማቸውን እዚህ ሲመሠርቱ የተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ እኔ በመቀስ ድርድሩን ልቀንስ። ይቅር ይበሉኝ።

ብጣሹን በቀለም ሳይሆን በጥቁረት ደረጃ ለየሁት። ወለሉ ላይ ደርድሬ በስልኬ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳሁ። ቡኒውና አረንጓዴው ፎቶው ላይ አንድ ሆነው ወጡ። ዓይን በቀለም ይታለላል፤ ጥቁርና ነጩ ፎቶ ግን አያባብልም። አምስት ክምር ወጣ። ከሁሉም የጠቆረው ለመስኮትና ለዋርካው፣ ከሁሉም የነጣው ለሰማይ።

ሐምሌ 28

ሰማዩ። ሙሉውን የሠራሁት ከአሮጌ ነጠላና ጋቢ ነው። ከእህቶቼም፣ ከጓደኞቼም፣ ከራሴም ሣጥን የወጣ ነው።

ነጭ አንድ አይደለም። መስኮቱ ጋ ይዤ ሳያቸው ገረመኝ። አዲስ የሆነው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቆየው የቅቤ ቀለም ይዟል። የእንጨት ጭስ የጠገበው ግራጫ ሆኗል፤ ቢታጠብም ጭሱ አይለቅም፤ ሽታውም ትንሽ አለ። አንዱ ነጠላ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ክሮቹ ተራርቀዋል፣ ጣቴን ከኋላ ሳደርግ ይታየኛል። እሷን ቁራጭ ከማማው ቀኝ አደረግኳት፤ ደመናው ሊገለጥ ሲል የሚሳሳው ቦታ ላይ።

ነጠላ ስስ ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈው ጫፍ ላዩ ላይ ጥላ ይጥላል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ስስ አቡጀዲ አድርጌ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ሰፋሁ። ስፌቱንም በካውያ ወደ ጠቆረው ጎን አስተኛሁት። በከሰል ካውያ ነው፤ መብራት ስትመጣ ስትሄድ የኤሌክትሪኩን መጠበቅ ትቻለሁ። በርና መስኮት ግን ይከፈታል። ከሰል በተዘጋ ቤት ቀልድ የለውም።

ነሐሴ 3

ማማዎቹ ቆሙ። ጉልላቶቹን ቆርጬ አልገጠምኳቸውም፤ ክብ ነገር ከክብ ነገር ጋር መግጠም ዕዳ ነው። ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰማዩ ላይ ለጥፌ ሰፋኋቸው።

የመስኮቱ ቅስት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ቀጭን ቀይ ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ከተቆረጠ አይታጠፍም፤ ይሸበሸባል። በሰያፍ ከተቆረጠ ግን ይለጠጣል፣ ቅስቱንም ተከትሎ ይዞራል። ሦስት ሴንቲ ወርድ ያለው ሰያፍ ቆረጥኩ፤ ሁለቱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በካውያ እያጎበጥኩ አስተኛሁት። መጀመሪያ የውስጠኛው ጥምዝ ይሰፋል፤ ውጭኛው ራሱ ተለጥጦ ይደርሳል። ቀዩ ከአንድ የድሮ መጋረጃ የመጣ ነው። ከጥቁሩ ጂንስ አጠገብ ሲቀመጥ ያ የዝናብ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ቡና አፈላሁለት።

ነሐሴ 8

ባዘቶ። ጥጡን ከቆላው፣ ከመተማ በኩል ከሚያመጡት ነው የገዛሁት። ፋብሪካ የሠራው ስፖንጅ መሰል መሙያ አለ፤ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ግን ይንሸራተታል፣ ከነጠላውም ጋር አይግባባም። ጥጥ ይሻላል።

ፍልሰታ ስለሆነ እማሆይ ከቅዳሴ እስኪወጡ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ሲመጡ ደጋናቸውን ይዘው መጡ። ፍሬው በመዳመጫ ወጥቶለታል፤ አሁን መነደፍ ነው የቀረው። እኔም ሞክሬያለሁ፤ ደጋኑ በኔ እጅ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣ። በሳቸው እጅ ጥጡ ይነሳል፣ ይበተናል፣ አየር ይሞላል። አፍንጫችን ሁሉ ነጭ ሆነ።

የተዘረጋውን ላይኛውን ጨርቅ አዩና ዝም አሉ። ከዚያ፣

«ደህና ደህናውን ጨርቅ ቆራርጠሽ፣ ድሪቶ ልታደርጊው ነው?»

«ግንቡ እኮ ነው እማሆይ። ይታይዎታል? ይሄ ማማው፣ ይሄ ሰማይ።»

«ግንቡንማ አየሁት። ስፌቱን አራርቀሽ እንዳትሠሪው ብቻ። ጥጡ ይሸሻል። አንድ ቀን ሲታጠብ ሁሉም ጥግ ሄዶ ይጠቀለላል።»

ልክ ናቸው። ያልተያዘ ባዘቶ እጥበት ላይ ይሰበሰባል። በስፌት መስመሮቹ መሃል ከአራት ሴንቲ በላይ ላለመተው ወሰንኩ። ገበሩን ወለል ላይ ወጥሬ በላዩ ባዘቶውን ስስና እኩል አድርገን ዘረጋን። ከዚያ ላይኛውን ጨርቅ አለበስነው። ሦስቱን ከመሃል ወደ ዳር ረጃጅም በሆነ ጊዜያዊ ስፌት አያያዝኩ። ከዳር የጀመረ ሰው መሃል ላይ እብጠት ይጠብቀዋል።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሥራ የለም። ሆያ ሆዬ ባዮች ከጠዋት ጀምሮ በሩን ይደበድባሉ፤ ሙልሙሉም አለቀ። ጅራፍ ይጮኻል። አንዱን ልጅ ዱላውን እንደያዘ ነደፍኩት፤ የጭቃ ጫማው ከፊቱ ይበልጥ ያምራል።

ነሐሴ 22

ዝናቡን እየሰፋሁ ነው።

ይህን ክፍል ከመጀመሪያው ስጠብቀው ነበር። ጨርቁ ያልተቀበለኝን መስመር ክሩ ይቀበላል። ሦስቱን ድርብ የሚይዘው የእጅ ስፌት ራሱ ዝናብ ይሆናል፦ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች፣ ሰያፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰማዩንም ግንቡንም ሳይለይ። ክሩ ወፈር ያለ ነጭ የጥጥ ክር ነው። ሰማዩ ላይ ነጭ በነጭ ስለሆነ አይታይም፤ ጨርቁ ግን ሰርጎድ ሰርጎድ ይላል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ዝናብም እንደዚያው ነው፤ ሰማይ ላይ አይታይም፣ ጠቆር ያለ ነገር ከኋላው ሲኖር ነው የሚታየው። ይህን ያስተማረኝ በረንዳው ላይ መቀመጥ ነው። እርሳስ ይዤ ባልቀመጥ ኖሮ ሰማዩ ላይም ነጠብጣብ እደረድር ነበር።

መስመሮቹን በጠመኔ አሰመርኩ፤ ግን ሁሉንም በማስመሪያ አላደረግኩም። ማማው አጠገብ ነፋስ አለ፤ እዚያ ዘመም አልኩ። ዋርካው ሥር ዝናቡ ይሳሳል፤ እዚያ ስፌቱን አቋረጥ አቋረጥ አደረግኩት፤ አራት ሴንቲው ግን እንደተጠበቀ ነው። መርፌው አጭር መሆን አለበት። ረጅም መርፌ ባዘቶ ውስጥ ይጎብጣል። ጠዋት ጠዋት እጄን ቆፈን ስለሚይዘው ሻይ ብርጭቆ ጨብጬ ነው የምጀምረው።

የእማሆይ የልጅ ልጅ መጣ። ለእንቁጣጣሽ የሚያዞረውን ሥዕል ሊሠራ ከለር ፈልጎ ነው። መልአክና አበባ፣ አበባና መልአክ፣ አንዱን ወረቀት ለአራት ቆርጦ። ቢጫዬን ጨረሰው። ቀና ብሎ የኔን አየና፣

«ሰው ለምን የለበትም?»

ምን ልበለው ብዬ ሳስብ ራሱ መለሰው።

«አሃ፣ ዘንቦ ሁሉም ገብቷል።»

ነሐሴ 30

ደንበኞች መደወል ጀምረዋል። «ለእንቁጣጣሽ ይደርስልኛል?» ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ቀን ቀን የሰው ቀሚስ፣ ማታ ማታ ዝናብ። ጊዜያዊውን ስፌት ፈታሁ። ገበሩ ላይ ገልብጬ ሳየው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ደስ አለኝ፤ ምንም ግንብ የለ፣ ዝናብ ብቻ።

ጳጉሜ 2

ጠርዙ አለቀ። ጠቆር ያለ ካኪ ነው፤ ቀይ ጥለት ላድርግ ብዬ ነበር፣ ቀዩን ከመስኮቶቹ እንዳይነጥቅ ተውኩት። ትንሽ ብራ ስለሆነ በረንዳው ላይ አሰጣሁት።

እማሆይ አለፉ፣ ተመለሱ፣ ዳበሱት። «እስቲ አምጪው» አሉ። መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ለበሱት። እኔ ግድግዳውን እያሰብኩ ቆሜያለሁ።

«ይሞቃል።»

«እሰይ!»

«ግን አጥሯል። እኔ ተከናንቤ ነው የምተኛው። ራሴን ስሸፍን እግሬ ይወጣል።»

ሄጄ አየሁ፤ እውነት ነው። ማማው ፊታቸውን ሸፍኗል፣ አጥሩ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደርሶ ቆሟል።

ስለዚህ በታች በኩል አንድ ረድፍ ይጨመራል፤ 6 ሳጥን፣ 25 ሴንቲ። ንድፉን አውጥቼ አየሁት። ከአጥሩ በታች ያለውን መንገድ ስቀንስ ቆርጬ ጥዬው ነበር፤ ኮብልስቶኑና በላዩ የሚወርደው ጎርፍ ደብተሩ ላይ አለ። ለሱ የሚሆን ግራጫ የሱሪ ጨርቅ ተርፎኛል። የታችኛውን ጠርዝ እፈታለሁ፤ ረድፉን ከነባዘቶውና ከነገበሩ ለብቻው ሠርቼ እገጥመዋለሁ፤ መጋጠሚያውን ከጀርባ በቀጭን አቡጀዲ እሸፍነዋለሁ። ዝናቡ መንገዱ ላይ ሰያፍ አይሆንም፤ አግድም ይሄዳል። ለባዘቶው ደጋኑን እማሆይ ያመጣሉ፤ ጥጡን እኔ።